የቤት ብየዳ ማሽን ሲያስቸግር፦ በባሕር ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር በግቢው ጥግ ወይም በደጃፉ ትንሽ የብየዳ ማሽን አስቀምጦ በር፣ መስኮት፣ አጥርና የውኃ ታንከር ማቆሚያ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። እኔም በዚሁ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ወጣቶችንም አስተምራለሁ። “ተበላሸ” ተብለው የሚመጡልኝ ማሽኖች አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። ችግሩ የሚገኘው ከቆጣሪው እስከ ሶኬቱ፣ ከማሽኑ እስከ ብረቱ ባለው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ የማሽኑን ክዳን ከመፍታትዎ በፊት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከቱ። እዚህ የምናገረው አሁን በየቤቱ ስላለው፣ በትከሻ ስለሚንጠለጠለው ኢንቨርተር ማሽን (ኃይሉን በኤሌክትሮኒክስ ስለሚቀይረው ቀላል ማሽን) እና በኤሌክትሮድ፣ ማለትም እየቀለጠ ብረቱን በሚያያይዘው ልባስ ባለው ዘንግ፣ ስለሚሠራው ብየዳ ነው።

ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀብኝ ነው። ማሽኑ ደክሞ ይሆን?

መጀመሪያ የመሬት መቆንጠጫውን፣ ማለትም የማሽኑን ሁለተኛ ገመድ ከሚበየደው ብረት ጋር የሚያያይዘውን፣ ይፈትሹ። ጥቂት ደቂቃ በይደው ማሽኑን ያጥፉና መቆንጠጫውን ነካ ያድርጉት። የሚያቃጥል ከሆነ ለብየዳው የሚፈለገው ኃይል እዚያ እየባከነ ነው። መቆንጠጫው ቀለም ወይም ዝገት ላይ ከነከሰ ምንም ያህል አምፒር ቢጨምሩ አይረዳም። ብረቱን በግራይንደር ወይም በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ጠርገው ይያዙት፤ ገመዱ መቆንጠጫው ላይ የታሰረበትን ብሎንም ያጥብቁ። ማሽኑ ላይ የሚገቡት ሁለቱ መሰኪያዎች ደግሞ መገፋታቸው ብቻ አይበቃም፤ ወደ ቀኝ ተጠምዝዘው መቆለፍ አለባቸው። አንድ ጎረቤቴ ይህችን ሳያደርግ ወር ሙሉ ሠርቶ መሰኪያው ቀለጠ፤ ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ቀጥሎ አምፒሩ ነው። ለ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90፣ ለ3.2 ሚሊ ሜትር ከ90 እስከ 130 አምፒር ይበቃል፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈ ካለ ግን እርሱን ያስቀድሙ። እርጥበት የያዘ ኤሌክትሮድም ይጣበቃል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ከተጣበቀ እጅ ገና ስላልለመደ ነው። ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ከመትከል ይልቅ ክብሪት እንደሚጭሩ ጫር አድርገው ወዲያው ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ከተጣበቀ ገመዱን አይጎትቱ፤ የኤሌክትሮድ መያዣውን ወደ ጎን ጠምዘዝ አድርገው ያላቁት።

ጠዋት ደህና የሚበይድ ማሽን ከሰዓት በኋላ ለምን ይደክማል?

እኔ በመጀመሪያ የምጠይቀው “ቤት ውስጥ እንጀራ እየተጋገረ ነው?” ብዬ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 15 አምፒር ነው። በ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ በ120 አምፒር የሚበይድ ማሽን ደግሞ ከመስመሩ 20 አምፒርና ከዚያ በላይ ይስባል። ሁለቱ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ሲገናኙ ቮልቱ ይወድቃል። እንጀራው ዓይን ያጣል፣ ብየዳውም ብረቱ ላይ እንደ ሰም ተንጠባጥቦ ሥር ሳይዝ ይቀራል። ከቤተሰቡ ጋር ሰዓት መከፋፈል ከማንኛውም ጥገና ይበልጣል።

በቤትዎ ምጣድ ባይኖርም በሰፈሩ አለ። ብዙ ሰው “የጣና በለስ ማመንጫ ውኃውን የሚወስደው ከእኛው ሐይቅ ነው፤ እኛ ጋር መብራት እንዴት ይደክማል?” እያለ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ያ 460 ሜጋ ዋት ማመንጫ ግን ኃይሉን የሚሰጠው ለአገሪቱ ከፍተኛ የኃይል መስመር ነው፤ ለእርስዎ ግቢ በቀጥታ አይደለም። የእርስዎን ቮልት የሚወስነው የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ከእርሱ እስከ ቆጣሪዎ ያለው ሽቦ ርዝመትና ውፍረት፣ እንዲሁም በዚያ ሰዓት ስንት ጎረቤት ምጣድና ምድጃ እንደለኮሰ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ቴስተር ይያዙና ማሽኑ በተሰካበት ሶኬት ላይ ቮልቱን ይለኩ። ግን ልብ ይበሉ፦ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሳለ የሚለካ ቮልት ምንም አይነግርዎትም። አንድ ሰው እየበየደ ሌላው ይለካ። ብዙ ማሽኖች ከ220 ቮልት 15 በመቶ ዝቅ ቢል ይችሉታል፤ ይህም 187 ቮልት ነው። ሲበየድ ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ ማሽኑን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ለቴሌቪዥን የተገዛውን ስታቢላይዘር መሃል ማስገባትም አይረዳም፤ ያን ያህል ኃይል ስለማይሸከም ራሱ ይቃጠላል።

ኤክስቴንሽን ገመዴ 30 ሜትር ነው። ይህን ያህል ይጎዳል?

ይጎዳል፤ ሒሳቡንም አብረን እናውጣው። 30 ሜትር ገመድ ሄዶ ሲመለስ 60 ሜትር ሽቦ ነው። በገበያ የምናገኘው ተራው ገመድ ውስጡ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ከሆነ በ20 አምፒር ወደ 14 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ያው ርዝመት 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን የሚቀረው 5 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ከሰፈሩ መስመር 200 ቮልት እየመጣ 14ቱን በገመዱ ካጡ ቀድሞ የተናገርነው 187 ደጃፍዎ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

የጠፋው 14 ቮልት የትም አልሄደም፤ ሙቀት ሆኗል። ወደ 280 ዋት ሙቀት በገመዱ ውስጥ አለ። ገመዱ ተዘርግቶ ሲሠራ አየር ያበርደዋል፤ በመጠቅለያው ላይ እንደተጠመጠመ ግን ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ስለዚህ የምትበይዱት አንድ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን እንኳ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። ከቻላችሁ ደግሞ ለብየዳ ብቻ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የተሳበ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመርና ጠንካራ ሶኬት በባለሙያ አስተክሉ። ይህ ለቤት በያጅ ከሁለተኛ ማሽን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ሲገዙም የገመዱን ውፍረት በዓይን አይገምቱ፤ ላስቲኩ ወፍራም ሆኖ ውስጡ ክር የሚያህል ገመድ ሞልቷል። ጫፉን አስቆርጠው መዳቡን ይመልከቱ።

ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ።

መቼ እንደሚወርድ ይለዩ። ማሽኑን እንዳበሩት፣ ገና ሳይበይዱ የሚወርድ ከሆነ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ኢንቨርተሩ ሲነሳ ለቅጽበት የሚስበው ከፍተኛ ኃይል ነው፤ ለመብራት የሚሆን ስስ ብሬከር ይህን አይታገስም። ኤሌክትሪክ ባለሙያውን “ሲ” የተባለው ዓይነት ብሬከር እንዲያስገባ ይጠይቁት። ሁለተኛው በማሽኑ ውስጥ የተቃጠለ ዕቃ ነው፤ ሌላ ጥሩ መስመር ላይም ወዲያው የሚጥል ከሆነ ወደ ጥገና ይውሰዱት። በይደው ጥቂት ከቆዩ በኋላ የሚወርድ ከሆነ ግን መስመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል።

በምንም ምክንያት በብሬከሩ ወይም በፊውዙ ፋንታ ሽቦ አይጠምጥሙ፤ ሽቦው ሳይቀየር ትልቅ ብሬከር ማስገባትም ያው ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። እርሱን ዝም ካሰኙት የሚቃጠለው ቤቱ ነው፤ የእንጨትና ጭቃ ቤት ደግሞ እሳት ከያዘው ለማዳን ጊዜ አይሰጥም።

ቢጫ መብራት በርቶ መበየድ ያቆማል።

ማሽኑ ሞቆ ራሱን እያዳነ ነው። አያጥፉት፤ ፋኑ እየዞረ እንዲያበርደው ተሰክቶ ይቆይ። በማሽኑ ጀርባ “60 በመቶ” የሚል ጽሑፍ ካለ ትርጉሙ በዚያ አምፒር ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን በይደው 4ቱን ያሳርፉት ማለት ነው።

ለእኛ ከተማ የሚጨመር ነገር አለ። አምራቾች ያንን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጡት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ከተጻፈው ዕረፍት ትንሽ ጨምሩለት፣ ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ ጀርባውንም ከግድግዳ አርቁት። ሣጥኑ ላይ 250 ወይም 300 አምፒር ተብሎ የተጻፈበት ቀላልና ርካሽ ማሽንም ያን ያህል ይሰጣል ብላችሁ አትመኑ።

ማሽኑን ስነካው ይነዝረኛል። ቀላል ስለሆነ ልተወው?

አይተዉት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የመሬት ሽቦ አለመኖሩ ነው፤ ይህ የማሽኑን አካል በሶኬቱ በኩል ከመሬት ጋር የሚያያይዘው ሽቦ ነው እንጂ የመቆንጠጫው ገመድ አይደለም። ኢንቨርተሩ ውስጥ ከመስመሩ ወደ ብረት አካሉ የተያያዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) አሉ፤ መሬት ካልተያያዘ አካሉ ላይ ቀላል ንዝረት ይፈጥራሉ። የመሬት ሽቦ በትክክል ሲያያዝ ይጠፋል። ችግሩ ግን ከዚህ የባሰ፣ ለምሳሌ የተላጠ ሽቦ አካሉን ነክቶ ቢሆንም የሚሰማዎት በመጀመሪያ ያው ንዝረት ነው፤ በእጅ መለየት አይቻልም። በስፒናው ላይ ያለውን የመሬት እግር ቆርጦ በሁለት ቀዳዳ ሶኬት የሚሰካ ሰው አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

በክረምት ነገሩ ይከፋል። በሐይቁ ዳር ባሉት ሰፈሮች ከሰኔ እስከ መስከረም መሬቱ ውኃ እንዳቋተ ይቆያል፤ ልብስም ጓንትም ይረጥባል። ማሽኑ ያለ ብየዳ ሲበራ በኤሌክትሮዱ ላይ ከ60 እስከ 80 ቮልት ይኖራል። ደረቅ ሰው ላይሰማው ይችላል፤ የረጠበ ጓንት ለብሶ እርጥብ መሬት ላይ የተንበረከከውን ግን ሊገድለው ይችላል። ደረቅ ጣውላ ላይ ቁሙ፣ ደረቅ የቆዳ ጓንት ይኑራችሁ፣ ሲዘንብ ሥራው ይቁም።

ክረምት ሲገባ ብየዳዬ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

ኤሌክትሮዱ እርጥበት ጠጥቷል። ሲበየድ ቸስ ቸስ የሚል ድምፅ፣ ብዙ ፍንጥርጣሪና በብየዳው ላይ የመርፌ ቀዳዳ ካዩ ጥርጣሬ አይግባዎት። ለበርና መስኮት የምንጠቀምበትን፣ 6013 የሚባለውን ኤሌክትሮድ በ100 ዲግሪ ገደማ ለአንድ ሰዓት ማድረቅ ይበቃል። እኔ ለምግብ የማያገለግል አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለዚህ ለይቻለሁ፤ አሙቄ አጠፋዋለሁ፣ ግለቱ በረድ ሲል ኤሌክትሮዶቹን ደርድሬ እከድናቸዋለሁ። የቤተሰቡን ምጣድ አትንኩ፤ የኤሌክትሮዱ ልባስ ከእንጀራ ጋር መገናኘት የለበትም። 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለሚፈልግ በምጣድ አይሆንም።

ከማድረቅ ግን ማስቀመጥ ይቀላል። ካርቶኑን ሲከፍቱ የሚበቃዎትን ብቻ ያውጡና የቀረውን ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከሲሚንቶ ወለል ከፍ አድርገው ያኑሩት። ልባሱ የተፈረፈረውን ይጣሉት።

ክረምትም ባይሆን ቀዳዳ ካዩ ቀለም፣ ዘይት ወይም ዝገት ላይ እየበየዱ ነው፤ አለዚያም ኤሌክትሮዱን ከብረቱ አርቀው ይዘውታል። አንቲ ረስት ቀለሙ ከብየዳው በኋላ ይቀባል እንጂ ቀድሞ አይቀባም።

ስስ ቱቦላሬ ስበይድ ይበሳብኛል።

ይህ የማሽን ጥያቄ አይደለም፤ ሆኖም ከሁሉ በላይ የምጠየቀው እርሱ ነው። ለ1.2 ወይም ለ1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ 3.2 ኤሌክትሮድ አይሞክሩ። 2 ወይም 2.5 ሚሊ ሜትር ይያዙ፣ ከ45 እስከ 65 አምፒር መካከል ይጀምሩና በቁራጭ ብረት ላይ ይሞክሩት። በ6013 ሲሠሩ የኤሌክትሮዱን ገመድ በመቀነስ ምልክቱ፣ የመሬቱን በመደመር ምልክቱ ላይ ቢሰኩ ስስ ብረት ላይ ይለዝባል። በአንድ ትንፋሽ ከዳር እስከ ዳር አይሂዱ፤ ነጥብ በይደው ያቁሙ፣ ቅላቱ ሲጠፋ ቀጣዩን ነጥብ በላዩ ያሳርፉ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ አቆራረጡ ነው። ሁለቱ ቱቦላሬዎች ሲገጠሙ ብርሃን የሚያሳልፉ ከሆነ ክፍተቱን በብየዳ ለመሙላት ሲታገሉ ይበሳል። አንዲት ተማሪዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ስትበሳ ቆይታ መጋዝ ይዛ አቆራረጧን ብቻ አስተካከለች፤ በማግስቱ የሠራችው የመስኮት ፍሬም አሁንም ቤቴ ላይ አለ።

ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ ስበይድ ወተት ብጠጣ ይበቃል?

አይበቃም። ነጩ ጭስ የዚንክ ጭስ ነው፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳትና የብረት ጣዕም ያመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ወተቱ የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ ጭሱ የሚገባው ሳንባ ውስጥ። ከመበየድዎ በፊት ልባጡን ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ጥቂት ሳንቲ ሜትር በግራይንደር ያንሱ፤ ሲያነሱም አፍንጫዎን በአቧራ መከላከያ ይሸፍኑ። ከቤት ውጭ፣ ነፋሱ ከጎን እየመጣ ጭሱን ከፊትዎ በሚወስድበት አቅጣጫ ይሥሩ። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረት ከያዘዎት ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ሌሊት ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ያቃጥለኛል።

የብየዳው ብርሃን ዓይንዎን መትቶታል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ስለሚመጣ ሰው ምክንያቱን አያውቀውም። አይሹት፣ ድንች ወይም ወተት አያድርጉበት፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርገው ይረፉ። በሁለት ቀን ካልተሻለዎት፣ ወይም ማየት ከደበዘዘብዎት ጤና ተቋም ይሂዱ። ለቤት ሥራ በሚበቃው አምፒር የጥቁረት ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሆነ መስታወት ያለው ጭንብል ያስፈልጋል፤ የፀሐይ መነጽር አይተካውም።

ስለ ራስዎ ይህን ያህል። ደጃፍ ላይ የምንበይድ ሰዎች ግን የሌላም ሰው ዓይን በእጃችን አለ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ብልጭታውን ሲያዩ ቆመው ያፈጣሉ፤ ማታ በእንባ የሚያድሩት እነርሱ ናቸው፣ እናቶቻቸውም ምን እንደነካቸው አያውቁም። ሁለት የቆርቆሮ ቁራጭ በመንገዱ በኩል ማቆም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኤሌክትሮዱን ከማስነሳትዎ በፊት “ዓይን!” ብለው ድምፅ ማሰማትም ይልመድብን።

በሐይቁ ዳር መብራት በሌለበት የብረት ጀልባ መጠገን እፈልጋለሁ። ምን ዓይነት ጄኔሬተር ይበቃኛል?

በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ በ80 አምፒር ለመሥራት 5 ኪሎ ቮልት አምፒር (በጄኔሬተሩ ላይ kVA ተብሎ የሚጻፈው) ያህል ይያዙ፤ በ3.2 ከ7 በታች አይሂዱ። ለመብራት የሚሆነው ትንሹ ጄኔሬተር ቮልቱን እያወዛወዘ ኢንቨርተሩን ያበላሻል። መጀመሪያ ጄኔሬተሩን አስነስተው ዙሩ እስኪረጋ ይጠብቁ፣ ከዚያ ማሽኑን ያብሩ፤ ሲጨርሱም ማሽኑ ቀድሞ ይጥፋ።

ጀልባው ሙሉ በሙሉ ወደ ደረቅ መሬት ይውጣ። ውስጡን በትንሽ መዶሻ እየመቱ ያዳምጡ፤ ድምፁ የፈዘዘበት፣ ዝገት የበላው ቦታ ላይ መለጠፍ ትርፉ ሌላ ቀዳዳ ነው። ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ቆርጠው ያውጡትና አዲሱን ላሜራ ከዚያ ጋር ያገናኙት።

የነዳጅ በርሜል ወይም የባጃጅ ታንከር መበየድ እችላለሁ?

አይበይዱ። ባዶ ነው ቢባልም፣ ታጥቧል ቢባልም በስፌቱ ውስጥ የቀረው ትነት ይፈነዳል። የባጃጁን አካል ሲበይዱ ደግሞ የባትሪውን ገመድ አስቀድመው ይንቀሉ፤ የመሬት መቆንጠጫውንም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ያድርጉት። ርቆ ከታሰረ ኃይሉ በኩሽኔታዎቹ በኩል አልፎ ያበላሻቸዋል።

ማሽኑን ራሴ ከፍቼ ላጽዳው?

ከውጭ ሆነው በአየር መንፋት ይችላሉ፤ ከሶኬት ተነቅሎ ግን። መክፈት ከፈለጉ ከነቀሉት በኋላም በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ይቆያሉ። ይህን እንዴት እንደሚያራግፉ የማያውቁ ከሆነ ክዳኑን አይፍቱ።

በውስጡ የምናገኘው የሸረሪት ድር፣ በረሮ፣ በክረምት ማታ ብርሃን ተከትለው የሚገቡ ትንንሽ ዝንቦች፣ ከሁሉም በላይ ግን የግራይንደር ብናኝ ነው። የብረት ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ፋኑ ስቦ ካርዱ (የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎቹ የተተከሉበት ሰሌዳ) ላይ ሲያሳርፈው አንድ ቀን ቷ ብሎ ያበቃል። ማሽንዎ ከግራይንደሩ ቢያንስ ሦስት አራት ሜትር ይራቅ። መብራት ሲጠፋም ከሶኬት ይንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚወዛወዘው ቮልት ብዙ ማሽን ፈጅቷል።

ወደ ጥገና ስወስደው ምን ልንገረው?

በስንት ቁጥር ኤሌክትሮድና በስንት አምፒር እየሠሩ እንደነበር፣ ምን እንደሰሙና ምን እንደሸተተዎት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ማን እንደከፈተው ይንገሩት። ሁለቱን የብየዳ ገመዶችና ኤክስቴንሽኑንም አብረው ይውሰዱ። ማሽኑን ብቻውን የወሰደ ሰው እዚያ በጥሩ ገመድ ሲሞከርለት ይሠራል፤ ቤቱ መልሶ ሲሰካው ያው ችግር ይጠብቀዋል።